ከቢሮው እስከ ባቡሩ፦ የፋሽስት ጣሊያን የዘር ሕግ በወጣባቸው ከተሞች የሰባት ቀን ጉዞ

አብዛኛው ጎብኚ የጣሊያን አይሁድን ስደት ታሪክ ከመጨረሻው ነው የሚጀምረው። ሚላኖ ጣቢያ ሥር የቆሙትን ፉርጎዎች አይቶ፣ ሮም ላይ አይሁድ የተያዙበትን የኦክቶበር 16 ቀን 1943ን ሰሌዳ አንብቦ፣ «ጀርመኖች ያደረጉት ነው» ብሎ ይመለሳል። የጀርመን ጦር ጣሊያንን የያዘው ግን በሴፕቴምበር 1943 ነው። ከዚያ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት የጣሊያን መንግሥት በራሱ ማኅተምና በራሱ ጸሐፊዎች አይሁድ ዜጎቹን ከትምህርት ቤት፣ ከሥራ፣ ከንብረትና ከጋብቻ መዝገብ ሲያስወጣ ኖሯል። ስለዚህ ይህ መንገድ ሕጉ ከተጻፈበት ቢሮ ይነሳና ሰው ወደ ተጫነበት ባቡር ይሄዳል። ሮም ተጀምሮ ሮም ስለሚያልቅ የደርሶ መልስ ትኬት ለያዘ ይመቻል።

ጥቂት ነገር አስቀድሞ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እዚህ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937 ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው የሸንገን ቪዛ ማመልከቻውን ከጉዞው ቢያንስ 15 ቀን ቀደም ብሎ ማስገባት ግዴታው ነው፤ የጉዞ መድኅኑም ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። ጉዞውን ረቡዕ ይጀምሩ። እንዲህ ከሆነ ቅዳሜ፣ ማለትም ምኩራብና የአይሁድ ሙዚየም በሚዘጋበት ቀን፣ ትሪየስቴ ላይ ይውላሉ። እሑድ ደግሞ የቀድሞው ማጎሪያ ካምፕ ያለበት ፎሶሊ ላይ ይሆናሉ፤ ካምፑ በአብዛኛው ያለ ቀጠሮ የሚገኘው በዚያ ቀን ነው። የመክፈቻ ሰዓት እንደ ወቅቱ ስለሚለዋወጥ ከመነሳትዎ በፊት በየተቋሙ ድረ ገጽ ማረጋገጥ አይዘንጉ። የባቡር ሰዓት ሲያነቡም ይጠንቀቁ፤ ትኬቱ ላይ 14፡35 ካለ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ከ35 ነው። በዚህ ተሳስቶ ባቡር ያመለጠው ሐበሻ ጥቂት አይደለም።

ቀን 1፣ ረቡዕ፦ ሮም

ከተርሚኒ ጣቢያ ሲወጡ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ ቦታ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ፣ ይባላል። አምስት መቶዎቹ በጃንዋሪ 1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው በአቅራቢያው ባለ ትንሽ የአትክልት ቦታ ውስጥ የቆመ የግብፅ ሐውልት ሲሆን፣ ፋሽስቶች ከአዲስ አበባ የዘረፉትን የይሁዳ አንበሳ ያስቀመጡትም እዚያው ሥር ነበር። ዘርዓይ ደረስ ጎራዴውን የመዘዘው በዚሁ ስፍራ ነው።

የአይሁድን ስደት ለማየት የመጣ ሰው ለምን ከዶጋሊ ይጀምራል? የመጀመሪያው የፋሽስት የዘር ድንጋጌ ያነጣጠረው እኛ ላይ ስለነበረ ነው። ኤፕሪል 19 ቀን 1937፣ የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ከተጀመረ ልክ በሁለተኛ ወሩ፣ ቁጥር 880 የተሰጠው ንጉሣዊ ድንጋጌ ወጣ። ከምሥራቅ አፍሪካ ተገዢዎች ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ያዝዝ ነበር። ሰውን በዘሩ ለይቶ የግል ኑሮውን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ እንዴት እንደሚረቀቅና እንደሚፈጸም ጸሐፊዎቹ የተለማመዱት በዚህ ነው። ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ያንኑ እጃቸውን በአገራቸው ዜጎች ላይ አነሱት።

ከዚያ በእግር አሥር ደቂቃ ያህል ሄደው ቪሚናሌ ይድረሱ፤ የአገር ውስጥ ሚኒስቴር ዛሬም እዚያ ነው። ወደ ውስጥ አይገባም፣ የደጁ ዘበኛም ካሜራ ሲደቀንበት ደስ አይለውም፤ ከአደባባዩ ማዶ ሆኖ ማየት ይበቃል። በዚህ ሚኒስቴር ሥር ነው በ1938 የሕዝብና የዘር ጉዳይ ጠቅላይ መምሪያ፣ በአጭሩ «ዴሞራዛ»፣ የተቋቋመው። በጁላይ 14 ጋዜጣ ላይ ሳይንቲስቶች ያዘጋጁት ነው የተባለ «የዘር መግለጫ» ወጣ፤ አይሁድ ከጣሊያን ዘር አይደሉም ይላል። ኦገስት 22 ቆጠራ ተደረገ። የየከተማው ማዘጋጃ ቤት ቅጹን በየቤቱ አዳርሶ ሰበሰበ። ከወላጆቻቸው ቢያንስ አንዱ አይሁዳዊ የሆነ 58,412 ሰዎች ተመዘገቡ፤ ከነዚህ 46,656ቱ አይሁድ ነን ያሉ ነበሩ። ከአገሩ ሕዝብ ከሺህ አንድ ያህል መሆናቸው ነው። ቆጠራው ሲደረግ በአይሁድ ላይ የወጡት ድንጋጌዎች ገና አልታወጁም፤ ስለዚህ አብዛኛው ሰው ቅጹን በእውነት ሞላ። ይህን ቅጽ ያስታውሱት፣ በአምስተኛው ቀን እንደገና ይመጣል።

ቁልቁል ሃያ ደቂቃ ሲሄዱ ፓላሶ ቬኔሲያ ነው። በሜይ 9 ቀን 1936 ሙሶሊኒ «ኢምፓየሩን» ያወጀበት ሰገነት ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ የፋሽስቱ ታላቁ ምክር ቤት የተሰበሰበውም በዚሁ ሕንፃ ነበር። በኦክቶበር 6 ቀን 1938 ያወጣው የዘር መግለጫ ለእኛ የተለየ አንቀጽ አለው፦ ወደ ፍልስጥኤም የሚሄደውን የአይሁድ ስደት ለማስቀየስ፣ የአውሮፓ አይሁድ በቁጥጥር ሥር በኢትዮጵያ አንዳንድ ቦታዎች እንዲሰፍሩ መፍቀድ እንደሚቻል ይናገራል። የማያስፈልጋቸውን ሕዝብ፣ የእነሱ ባልሆነ መሬት ላይ። ሐሳቡ ሳይፈጸም ቀረ።

በፎሪ ኢምፔሪያሊ ጎዳና ወደ ኮሎሴዮ ሲያመሩ በስተቀኝ ግድግዳ ላይ የጥንቷ ሮም አራት የእብነ በረድ ካርታዎች አሉ። አምስተኛው፣ ኢትዮጵያን የጨመረው የፋሽስቶቹ ካርታ፣ ከጦርነቱ በኋላ ተነሥቷል። መንገዱ ቺርኮ ማሲሞ ላይ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ጋ ያበቃል። ሕንፃው ሥራው የተጀመረው ለጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር ነበር፤ የአክሱም ሐውልት ከ1937 እስከ 2003 ፊቱ ቆሞ ነበር። ጠቅላላው መንገድ 4 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ቀስ ብሎ ለሚያነብ ግን ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ለመመለስ ሜትሮ መስመር ቢ ነው፤ ተርሚኒ ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ይወርዳሉ። እንጀራ የናፈቀው በጣቢያው ዙሪያ አያጣም።

ቀን 2፣ ሐሙስ፦ ፊሬንሴ

ፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ከጣቢያው እስከ ፋሪኒ መንገድ ያለው ምኩራብ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ አረንጓዴው የመዳብ ጉልላት ከሩቅ ይመራል። ፓስፖርት ይዘው ይሂዱ፤ ቦርሳ ይፈተሻል። ወንዶች ራሳቸውን ይሸፍናሉ፣ እንደ እኛ ቤተ ክርስቲያን ባርኔጣ ማውለቅ እዚህ ስሕተት ነው። በ1882 የተመረቀውን ይህን ሕንፃ ጀርመኖች ጋራዥ አድርገውት ነበር፤ በታቦቱ ሣጥን በር ላይ የሳንጃ ጠባሳው አሁንም ይታያል።

ፊሬንሴ ለአማርኛ አንባቢ ሌላ ትርጉም አላት። የጎንደሩ ቤተ እስራኤል ታምራት አማኑኤል የተማረው እዚህ በነበረው የራቢዎች ኮሌጅ ነው። ተመልሶ አዲስ አበባ ላይ የቤተ እስራኤልን ልጆች ትምህርት ቤት መራ፤ በወረራው ጊዜ ግን አገር ለቆ መሰደድ ነበረበት። በ1936 የጣሊያን አይሁድ ማኅበራት ኅብረት ካርሎ አልቤርቶ ቪተርቦ የተባለ ጠበቃ ወደ ኢትዮጵያ ላከ፤ ተልዕኮው የቤተ እስራኤልን ሁኔታ ማጥናት ነበር። በዚያን ጊዜ የጣሊያን አይሁድ ከመንግሥቱ ጋር አብሮ መሥራት ይቻላል ብለው ያምኑ ነበር። ቪተርቦን ያው መንግሥት በ1940 ካምፕ ውስጥ አሠረው።

ስለ ትምህርት ቤቶቹ ድንጋጌ ለማንበብ ይህ ከተማ ይሁን። ንጉሡ በሴፕቴምበር 5 ቀን 1938 ከፊሬንሴ ብዙም በማይርቀው በፒሳው ሳን ሮሶሬ ነበር የፈረሙት። በድንጋጌ ቁጥር 1390 አይሁድ መምህራንና ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ወጡ። ዩኒቨርሲቲ የገቡት ብቻ እንዲጨርሱ ተፈቀደላቸው። ወደ መቶ የሚጠጉ ሙሉ ፕሮፌሰሮች ተባረሩ። በዚያው ወር የወጣ ሌላ ድንጋጌ ቢያንስ 10 ሕፃናት በሚገኙበት ቦታ ለብቻቸው የአንደኛ ደረጃ ክፍል እንዲከፈት አዘዘ። የ114 ደራስያን የመማሪያ መጻሕፍት ታገዱ። ድንጋጌው ሲወጣ ትምህርት ሊከፈት ሳምንታት ነበር የቀሩት፤ ብዙ ልጅ ነገሩን የሰማው ደብተር ገዝቶ ካበቃ በኋላ ነው።

ቀን 3፣ ዓርብ፦ ፌራራ

በቦሎኛ በኩል ባቡር ይቀየራል። የክልል ባቡር የወረቀት ትኬት ከሆነ ከመሳፈርዎ በፊት በጣቢያው ትንሽ ማሽን ማኅተም ማስመታት ግድ ነው፤ የተገዛ ትኬት ሳይመታ የተገኘ እንደሌለው ይቀጣል። ፈጣኖቹ ባቡሮች ላይ ይህ የለም፤ ሰው የሚሳሳተውም ለዚህ ነው።

በከተማዋ የቀድሞ ወህኒ ቤት ውስጥ የጣሊያን አይሁድ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ሰኞ ዝግ ነው። ሁለት ሰዓት ይስጡት፣ ከዚያ አይሁድ ታጥረው ይኖሩበት በነበረው በአሮጌው የጌቶ ሰፈር በማሲኒ መንገድ ወደ ቤተ መንግሥቱ ይሂዱ።

የፌራራ ነገር እንዲህ ነው፦ ከ1926 እስከ 1938 የከተማዋ ከንቲባ ሬንሶ ራቬና አይሁዳዊ ነበር፣ ፋሽስትም ነበር። ብዙ አይሁድ የፓርቲው አባል ነበሩ፤ ያ እንደማያድን ያወቁት ዘግይተው ነው። የራቬና ወዳጅ የነበረው የፋሽስቱ ሹም ኢታሎ ባልቦ በታላቁ ምክር ቤት ሕጉን ከተቃወሙት ጥቂቶች አንዱ ነበር። ሌላው ተቃዋሚ ማን እንደሆነ ሲሰሙ ይገረማሉ፦ በ1935 መረብን ተሻግሮ የወረረን ጄኔራል ዴ ቦኖ።

ዋናው ሕግ፣ የኖቬምበር 17 ቀን 1938 ቁጥር 1728፣ በዚህ ሙዚየም ውስጥ ቆም ተብሎ ሊነበብ ይገባዋል። በአይሁድና «አርያን» በተባለው መካከል ጋብቻ ተከለከለ። አይሁድ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ከባንክ፣ ከኢንሹራንስና ከወታደርነት ወጡ። 100ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት፣ ከተወሰነ ግምት በላይ የሆነ መሬትና ቤት መያዝ አይችሉም፤ ትርፉን «ኤጄሊ» የሚባል መሥሪያ ቤት ይረከበዋል፣ ለባለቤቱ የሠላሳ ዓመት ሰነድ ይሰጠዋል። አይሁድ ያልሆነች የቤት ሠራተኛ መቅጠርም ቀረ። ማን አይሁድ ነው ለሚለው መለኪያው ደም ነበር፦ ሁለቱም ወላጆቹ አይሁድ ከሆኑ፣ ራሱ ክርስትና ተነሥቶ ቢሆንም፣ አይሁድ ነው። አንቀጽ 9 ደግሞ ይህ በልደትና በነዋሪነት መዝገብ ላይ እንዲጻፍና በሚሰጠው ሰርተፊኬት ሁሉ ላይ እንዲጠቀስ ያዛል። በ90 ቀን ውስጥ ቀርቦ ራሱን ያላስመዘገበ እስከ አንድ ወር እስራትና እስከ 3,000 ሊሬ መቀጮ ይጠብቀዋል።

«ዲስክሪሚናቶ» የሚለው ቃል አንባቢን ያሳስታል። ቃሉ ልዩ ሆኖ ከአንዳንዱ ክልከላ ነጻ የተደረገውን ያመለክታል። ከዚህ ከሚጠቀሙት መካከል በሊቢያ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በኢትዮጵያና በስፔን ጦርነቶች የሞቱ ሰዎች ቤተሰቦች ነበሩ። ማይጨው ላይ ልጁ የሞተበት አይሁዳዊ አባት ቤቱን ለማቆየት የልጁን ሞት ማስረጃ አያይዞ ያመለክታል ማለት ነው።

ማታ በሜስትሬ በኩል ወደ ትሪየስቴ ይሳፈሩ፤ ሦስት ሰዓት አካባቢ ነው።

ቀን 4፣ ቅዳሜ፦ ትሪየስቴ

የወደብ ከተማ ናት፤ በክረምት ቦራ የሚሉት ነፋስ ጃንጥላ ይገለብጣል፣ ኮፍያ ያለው ጃኬት ይሻላል።

ፒያሳ ኡኒታ በአንድ ወገን ባሕር፣ በሦስት ወገን ሕንፃ ነው። ሴፕቴምበር 18 ቀን 1938 ሙሶሊኒ የዘር ፖሊሲውን ለሕዝብ በአደባባይ ያወጀው እዚህ ነው፤ አደባባዩ ላይ የሚያስታውሰው ሰሌዳ አለ፣ በቡና ጠረጴዛዎች መካከል ሲያልፉ እንዳይዘሉት። ንግግሩ ላይ የዘሩን ጉዳይ በቀጥታ ከኢምፓየሩ ጋር ነው ያያያዘው፦ ኢምፓየር በጦር ይያዛል፣ በክብር ግን ይጠበቃል፤ ለዚያም ጥብቅ የዘር ንቃት ያስፈልጋል የሚል ነበር መልእክቱ። የ1937ቱ አዲስ አበባና የ1938ቱ ትሪየስቴ የአንድ ሐሳብ ሁለት ፊት መሆናቸውን ራሱ መሰከረ። የሚገርመው፣ እስከዚያው ዓመት ኦገስት ድረስ የዚህች ከተማ ከንቲባ ኤንሪኮ ፓኦሎ ሳሌም የአይሁድ ልጅ ነበር።

ትሪየስቴ ከዚያ በፊት ከመካከለኛው አውሮፓ ወደ ፍልስጥኤም የሚሄዱ አይሁድ መርከብ የሚሳፈሩባት በር ነበረች። በሴፕቴምበር 7ቱ ድንጋጌ ደግሞ ከ1919 ወዲህ ዜግነት ያገኙ አይሁድ ዜግነታቸው ተገፈፈ፤ የውጭ አገር አይሁድም በስድስት ወር፣ እስከ ማርች 12 ቀን 1939፣ እንዲወጡ ታዘዙ። ከሂትለር ሸሽቶ እዚህ የደረሰ ሰው እንደገና ጓዙን ጠቀለለ። መውጫ ቪዛ ያጣው ከጁን 1940 በኋላ ካምፕ ገባ።

ከሰዓት በኋላ በከተማ አውቶቡስ ወደ ሪሲዬራ ዲ ሳን ሳባ ይሂዱ። መግቢያ በነጻ ነው። የሩዝ መፈልፈያ ፋብሪካ የነበረ ነው፤ ጀርመኖች እስር ቤትና የሬሳ ማቃጠያ አደረጉት። 17 ጠባብ ክፍሎች አሉት፣ በእያንዳንዱ እስከ ስድስት ሰው ይታጎር ነበር። የተገደሉት ከ3,000 እስከ 5,000 ይገመታሉ፤ አብዛኞቹ አርበኞች፣ ስሎቬኖችና ክሮአቶች ሲሆኑ አይሁዱ ከዚህ ወደ ናዚዎቹ የሞት ካምፕ ወደ አውሽቪትስ ይላኩ ነበር። መግቢያው በሁለት ረጃጅም የኮንክሪት ግድግዳዎች መካከል ያልፋል። ልጅ ይዞ ለሚመጣ፣ ክፍሎቹን ከማየቱ በፊት ቢነግረው ይሻላል።

ቀን 5፣ እሑድ፦ ሞዴና፣ ካርፒ፣ ፎሶሊ

ትሪየስቴን ቅዳሜ ማታ ካልለቀቁ ይህ ቀን አይሆንም፤ የእሑድ ባቡር ሳሳ ያለ ነው። ሞዴና ማደር ጥሩ ነው። ጠዋት ከካቴድራሉ አጠገብ ያለውን የጊርላንዲና ግንብ ቀና ብለው ይዩ። አሳታሚው አንጀሎ ፎርቱናቶ ፎርሚጂኒ ኖቬምበር 29 ቀን 1938፣ ዋናው ሕግ በወጣ በ12ኛው ቀን፣ ከዚህ ራሱን ወርውሮ ሞተ።

ከሞዴና ካርፒ በባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ነው። በፒዮ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የተጋዦች ሙዚየም ግድግዳዎቹ ላይ ወደ 14,000 ስም ተቀርጿል። ፎሶሊ ከካርፒ 6 ኪሎ ሜትር ይርቃል። እሑድ አውቶቡስ መጠበቅ አያዋጣም፤ ብስክሌት ወይም ታክሲ ይያዙ፣ የታክሲውን መመለሻ ሰዓት እዚያው ይቅጠሩ። መሬቱ ጭቃ ነው፣ ጥላ የለውም፤ ጫማና ውኃ።

ካምፑ በ1942 ለጦር ምርኮኞች ተሠራ። በ1943 መጨረሻ፣ በጀርመኖች ሥር በሰሜን ጣሊያን የቆመው የሙሶሊኒ ሪፐብሊክ የአይሁድ ማጎሪያ አደረገው፤ በማርች 1944 ጀርመኖች ተረከቡት። እዚህ ላይ ነው ቅጹ የሚመለሰው። ኖቬምበር 30 ቀን 1943 የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ቡፋሪኒ ጉዊዲ «የፖሊስ ትእዛዝ ቁጥር 5» አወጣ፦ አይሁድ ሁሉ ይታሰሩ፣ ንብረታቸው ይወረስ። የጣሊያን ፖሊስና ካራቢኔሪ ማንን፣ ከየትኛው ቤት እንደሚይዙ መፈለግ አላስፈለጋቸውም፤ ከ1938 ጀምሮ በየጊዜው ሲታደስ የኖረ ዝርዝር በእጃቸው ነበር። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ በኦገስት ቅጹን በእምነት የሞላ ሰው በአምስተኛው ዓመት በሞላው አድራሻ ተገኘ።

ከጣሊያን ከተጋዙት አይሁድ ሲሶ ያህሉ ያለፉት በዚህ ሜዳ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ቦታው የሙት ልጆች ማኅበር፣ ቀጥሎ እስከ 1970 ከኢስትሪያ የመጡ ተፈናቃዮች መንደር ሆነ፤ በግንቦቹ ላይ የምታዩት ጭስ ማውጫና ኩሽና የእነሱ ነው፣ ከካምፑ ጋር አይምታታ። የ2012ቱ የመሬት መንቀጥቀጥም ብዙውን ጎድቶታል። እንደ ቀድሞው ሆኖ የተሠራው አንድ ባራክ ብቻ ነው።

ቀን 6፣ ሰኞ፦ ሚላኖ

ማዕከላዊው ጣቢያ ሲደርሱ ወደ ሜትሮ አይውረዱ፤ ወደ ውጭ ወጥተው በምሥራቅ ጎኑ ይዙሩ። የተጋዙት አይሁድ መታሰቢያ ከሐዲዱ ሥር፣ ለፖስታ ፉርጎዎች የተሠራው ምድር ቤት ውስጥ ነው። አሠራሩ ቀላል ነበር፦ ሰዎቹ ከሳን ቪቶሬ ወህኒ ቤት በካሚዮን ይመጣሉ፣ ታች ባሉት ፉርጎዎች ይታጨቃሉ፣ ፉርጎው በሊፍት ወደ ላይ ወጥቶ ከባቡሩ ጋር ይቀጠላል። ከላይ ተራ መንገደኛ ባቡሩን ይጠብቃል።

በጃንዋሪ 30 ቀን 1944 ከተላኩት 605 ሰዎች የተመለሱት 22 ናቸው። አንዷ ሊሊያና ሴግሬ ናት፤ በ8 ዓመቷ ከትምህርት ቤት ተባረረች፣ በ13 ዓመቷ እዚህ ተጫነች፣ በ2018 የዕድሜ ልክ ሴናተር ሆነች። መግቢያው ላይ የተቀረጸው ትልቅ ቃል «ግድየለሽነት» የሚል ነው፤ የእሷ ምርጫ ነው። ከ2015 ጀምሮ በስደተኞች ጎርፍ ወቅት መታሰቢያው ማታ ማታ አልጋ ዘርግቶ ስደተኞች ያሳድር ነበር፤ ብዙዎቹ ኤርትራውያን ነበሩ።

አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ምሳ ፖርታ ቬኔሲያ ሰፈር፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ያሉበት። ማታ ሦስት ሰዓት ያህል ተጉዘው ሮም ነዎት።

ቀን 7፣ ማክሰኞ፦ እንደገና ሮም

የሮም ጌቶ ከ1555 እስከ 1870 የታጠረ ነበር። የሰፈሩ ሰው በአብዛኛው ድኻ ነጋዴ ነበርና የ1938ቱ ሕግ ሀብታሙን በፋብሪካው ሲመታ፣ እነዚህን የመታው በ1940 የወጣው ትእዛዝ ነው፦ የሱቅ በደረቴ ፈቃድ ተነጠቀ። ቀጥሎ ቁራሌነት እንኳ፣ አሮጌ ጨርቅ መሰብሰብ፣ ተከለከለ። ሬዲዮ መያዝም ቀረ። እነዚህ ጥቃቅን ትእዛዞች በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አይገቡም፤ ቤት የሚያስርቡት ግን እነሱ ናቸው።

በሴፕቴምበር 26 ቀን 1943 የናዚው ኤስ ኤስ ጦር አዛዥ ካፕለር በ36 ሰዓት 50 ኪሎ ወርቅ ካልመጣ 200 ሰው እወስዳለሁ አለ። ወርቁ ተሰብስቦ ተሰጠ። በማግስቱ ወታደሮች የማኅበሩን ጽሕፈት ቤት በርብረው መዝገቦችን ወሰዱ። ኦክቶበር 16 ንጋት ላይ 1,259 ሰው ያዙ፤ 1,023 ወደ አውሽቪትስ ተጋዙ፣ 16 ተመለሱ። በፖርቲኮ ዶታቪያ ዙሪያ ሲሄዱ እግርዎ ሥር 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆኑ የናስ ድንጋዮች አሉ፤ ስም፣ የትውልድ ዓመት፣ የተያዘበት ቀን። በአንዳንድ ደጃፍ የአንድ ቤተሰብ ስድስት ሰባት ድንጋይ ተደርድሯል። ሰፈሩ የሚታወቅበት በዘይት የተጠበሰ አርቲቾክ ለጾመኛም ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ ኩዊሪናሌ ኮረብታ ላይ ይውጡ። ከፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት ትይዩ ያለው ፓላሶ ዴላ ኮንሱልታ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ነው። በ1939 አንድ ሕግ «የዘር ፍርድ ቤት» የሚባል ኮሚሽን አቁሞ ነበር፤ በመዝገብ አይሁድ የተባለን ሰው፣ የእናቱን የጋብቻ ምስጢር ጭምር መርምሮ፣ «አይደለም» ሊለው ይችላል። ጉቦው ብዙ ነበር። ሊቀመንበሩ ጋኤታኖ አሳሪቲ ይባላል። ሕጎቹ በጃንዋሪ 1944 ተሻሩ፤ ኤጄሊ ግን ሒሳቡን ዘግቶ የፈረሰው በ1997 ነው። አሳሪቲ በ1957 የዚህ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ።

ከዚህ ተርሚኒ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። የፊውሚቺኖ ባቡር ከአምስት መቶዎቹ አደባባይ ጀርባ ይነሳል፤ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው 32 ደቂቃ ይፈጃል።